በቀቀን ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት
ደሴ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀቀን ለማሳደግ ለሚያስቡ ሰዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለ ወፍ ለመስማት ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በቀቀን ለማሳደግ የሚያስብ ጀማሪ ማወቅ ስለሚገባው ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚጠይቁኝ «ምን ላብላት?» እና «መቼ መናገር ትጀምራለች?» ብለው ነው፤ ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ስለሆኑ በየተራቸው እደርስባቸዋለሁ። ይሁንና እንደ ደሴ ባለ ብርዳማ ከተማ፣ በርና መስኮት ተዘግቶ ከሰል በሚነድበትና እጣን በሚጨስበት ቤት ለሚኖር ሰው ከእነዚህ የሚቀድም ጉዳይ አለ ብዬ አምናለሁ፤ እሱም ወፏ የምትተነፍሰው አየር ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቃችሁ ወፏን ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን እንድታዘጋጁላት ነው።

ስለ ዝርያ ምርጫ በአጭሩ ልናገር። በዓለም ላይ ወደ 400 የሚጠጉ የበቀቀን ዝርያዎች አሉ፤ በመጠን፣ በጠባይና በዕድሜ እጅግ ይለያያሉ። ለጀማሪ የምመክረው አገራቸው አውስትራሊያ የሆነውን ሁለት ትንንሽ ዝርያዎች፣ ባጀሪጋርን ወይም ኮካቲልን ነው። ባጀሪጋር ከ30 እስከ 40 ግራም ብትመዝን ነው፤ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ትኖራለች። ኮካቲል ከእሷ ከእጥፍ በላይ የምትመዝን ስትሆን በጥሩ አያያዝ ከ15 እስከ 20 ዓመት ትቆያለች። ሁለቱም ለብዙ ትውልድ በሰው እጅ ሲረቡ የኖሩ በመሆናቸው ከሰው ጋር መልመድ አይከብዳቸውም። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በንግግር ችሎታው ስሙ የገነነ ቢሆንም ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል፣ ብቻውን ሲተው የገዛ ላባውን እስከ መንጨት የሚጨነቅ ወፍ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆንም። ከዱር በብዛት እየተያዘ በመሸጡም ሳይቲስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ ተሰብስበው ጥብቅ ጥበቃ በሚደረግላቸው ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ አስገብተውታል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን በቀቀኖች አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ በየትም የማይገኝ ክንፈ ጥቁር ትንሽ በቀቀን አለን። ወንዱ ግንባሩ ላይ ቀይ ሲሆን ሴቷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ናት፤ በትንንሽ መንጋ እየበረሩ የሾላና የጥድ ፍሬ ይለቅማሉ፤ የሚያድሩትም በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። ግንባረ ቢጫው በቀቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ጫጩቶቻቸውን ከዛፍ ፍልፍል አውጥቶ ለመሸጥ ወይም ለማሳደግ የሚሞክር ሰው ቢያጋጥማችሁ እንዳትገዙት አደራ እላለሁ። በአገራችን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። ከሕጉም ባሻገር፣ ያረጁ ዛፎች እየተቆረጡ ማደሪያ ፍልፍል በጠፋበት ዘመን ከአንድ ፍልፍል የሚወሰዱ ጫጩቶች የሚያስከትሉት ጉዳት ቀላል አይደለም። እነዚህን ወፎች የሚወድ ሰው ሾላ ይትከል፤ ማለዳ ወጥቶ ከሩቅ ይያቸው።

ወፏ የምትገዛው ከአዲስ አበባ ከሆነ የመጀመሪያው ፈተና መንገዱ ነው። 400 ኪሎ ሜትር በሚሆነው በዚህ ጉዞ መኪናው ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነስቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በሚበልጠው በጣርማ በር በኩል ያልፍና ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ይወርዳል፤ ከዚያ ኮምቦልቻን አልፎ እንደገና ወደ ደሴ ይወጣል። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ሁሉ ብርድና ሙቀት የምታሳልፍ 35 ግራም የማትሞላ ወፍ በአውቶቡስ ጣሪያ ወይም በዕቃ መጫኛው ውስጥ ልትጓዝ አይገባም። አየር የሚያስገባ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ሆና፣ ከጎናችሁ ወይም ጭናችሁ ላይ፣ ሣጥኗ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል ተደርጎ ትምጣ። ውሃ በሰሃን ቢቀመጥላት በየመታጠፊያው ስለሚደፋ በምትኩ የዱባ ወይም የካሮት ቁራጭ አስገቡላት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ወፍ እንደኛ አትተነፍስም። የእኛ ሳንባ እንደ ወናፍ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ አየሩ የሚወጣው በገባበት መንገድ ነው። ወፍ ግን ከሳንባዋ ሌላ በሰውነቷ ውስጥ የተሰራጩ፣ በአብዛኞቹ ዝርያዎች ቁጥራቸው ዘጠኝ የሚሆን የአየር ከረጢቶች አሏት፤ በእነሱ አማካይነት አየሩ በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ሳያቋርጥ ስለሚፈስ፣ ወደ ውስጥ ስትተነፍስም ወደ ውጭ ስታስወጣም ንጹሕ አየር ታገኛለች። ይህ አሠራር ለበረራ የሚያስፈልጋትን ብርታት ይሰጣታል፤ ነገር ግን በአየሩ ውስጥ መርዝ ካለ መርዙንም በዚያው ፍጥነትና ብዛት ወደ ደሟ ያስገባዋል። የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ ካናሪ የተባለችውን ትንሽ ወፍ ወደ ጉድጓድ ይዘው ይገቡ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰዎቹን ከመጣሉ በፊት ወፏን ስለሚጥላት ሠራተኞቹ ለማምለጥ ጊዜ ያገኙ ነበር።

ይኸው ጋዝ ከከሰል ምድጃችን ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ በደሴ ቤቶች ከሰል ወደ ውስጥ ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ከስንጥቁም ጨርቅ ይወተፋል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰውን እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው ራሱን ትንሽ አመመኝ በሚልበት መጠን ወፍ ከቆጧ ልትወድቅ ትችላለች። እዚሁ ላይ የቡና ሥርዓታችንን አስቡት። ቡናው ሲቆላ ጭሱ ይነሳል፤ ከዚያ እጣኑ ፍም ላይ ይጨመራል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ክፍሉ በጭስ እንደታፈነ ይቆያል። የወሎ ሰው ቡናውን እንዲተው የሚጠይቅ ንግግር ለማድረግ አልመጣሁም፤ ቡናችን የጉርብትናችንና የምርቃታችን ቦታ ነው። የምጠይቀው ወፏና ቡናው አንድ ክፍል እንዳይጋሩ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ሰው ወፏን በሩ ደህና አድርጎ በሚዘጋው ክፍል ያኑራት፤ ከሰሉ ሲቀጣጠል በሩን ይዝጋ፤ ቡናው አልቆ ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ድረስም አይክፈተው። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ቡናውን በረንዳ ላይ ለማፍላት መወሰን ወይም ወፍ የማሳደጉን ሐሳብ ለጊዜው ማቆየት ይኖርበታል። ይህን የምለው ለማስቀየም ብዬ ሳይሆን በጭስ መካከል የምትኖር በቀቀን ብዙ ስለማትቆይ ነው።

ከጭስ ያልተናነሰ አደጋ በኩሽናም አለ። በተለምዶ ቴፍሎን የምንለው የማያጣብቅ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል በዓይን የማይታይ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በሌላ ክፍል ያለችን ወፍ እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። በቀቀን ባለበት ቤት ይህ ዓይነት መጥበሻ ባይኖር ይመረጣል፤ የብረት ድስትና የሸክላ ምጣድ ይህ ችግር የለባቸውም። ሲጋራና ሺሻ ከወፏ ክፍል መራቅ አለባቸው፤ በረኪና፣ ሽቶና የፀጉር ስፕሬይም እንዲሁ። ወባ በሚያሰጋባት ኮምቦልቻ የምትኖሩ ደግሞ ፍሊት ስትረጩ ወፏን ከቤት ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ፣ ቤቱ ተናፍሶ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ጎረቤት ዘንድ አቆዩአት። ለእናንተ መኝታ አጎበር ከፍሊት ይሻላል፤ ለወፏም ጤና ነው።

«ታዲያ ከሰል ከሌለ በብርዱ አትሞትም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጤነኛ የሆነችና በደንብ የምትመገብ ባጀሪጋር ወይም ኮካቲል ላባዋን ነፍታ የደሴን ሌሊት ቤት ውስጥ ሆና ልትችለው ትችላለች። የሚጎዳት በበርና በመስኮት ስንጥቅ የሚገባው ነፋስና ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው። የሽቦ ጎጆዋን ከመስኮት አርቃችሁ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል፣ በሰው ደረት ቁመት ልክ አስቀምጡት፤ ማታ ከላይና ከሦስት ጎን ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፤ አንዱን ጎን ለአየር ክፍት ተዉት። በቀቀን በየቀኑ ከ10 እስከ 12 ሰዓት የሚደርስ ጸጥ ያለና ጨለማ የሆነ እንቅልፍ ያስፈልጋታል፤ ቴሌቪዥን እስከ እኩለ ሌሊት በሚጮህበት ሳሎን የምታድር ወፍ ነጭናጫና ተናካሽ ብትሆን አይፈረድባትም።

የሽቦ ጎጆውን በተመለከተ ረጅም ነገር አያስፈልግም። ወፍ የምትበረው ወደ ጎን ስለሆነ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ይስፋ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ባጀሪጋር ከ70 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ወርድ ያለው ይሁን፤ ጭንቅላቷ እንዳይሰነቀርም የዘንጎቹ ርቀት ከ1.2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ክቡን ጎጆ ተዉት፤ ወፏ የምትጠለልበት ጥግ የለውም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ጎበዝ የብየዳ ባለሙያዎች ስላሉ ማሠራት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን በቀቀን ሽቦውን በምንቃሯ ስለምታኝክ ዚንክ የተቀባ ሽቦና እርሳስ ያለበት ቀለም እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቁ፤ ሁለቱም ይመርዟታል። ቆጡ ለስላሳ ተመሳሳይ ዱላ መሆን የለበትም። ደሴን የከበበው ባሕር ዛፍ ለዚህ ሁነኛ ነው፤ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ቅርንጫፍ ከነልጡ ቆርጣችሁ፣ አጥባችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ፣ ቀጭኑንም ወፍራሙንም አስገቡላት። የበቀቀን እግር ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ጣት ወደ ኋላ ሆኖ የተሠራ ጨባጭ እግር ስለሆነ፣ የምትጨብጠው ነገር ውፍረቱ ሲለያይ መዳፏ ከቁስል ይድናል።

ወደ ምግብ ስመጣ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የእኛ ገበያ ለበቀቀን እጅግ የተመቸ ገበያ ነው። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው ወፏን ጥራጥሬ ብቻ በማብላት ነው። ጥራጥሬ፣ በተለይም እንደ ሱፍና ኑግ ያለው ቅባታም የሆነው፣ ለብቻው ሲሰጥ ወፏ ትወፍራለች፣ ጉበቷ በስብ ይጎዳል፤ ቫይታሚን ኤ ስለማታገኝም አፏና የመተንፈሻ አካሏ ለበሽታ ይጋለጣል። ወፏ ራሷ መርጣ ስትበላ ያያት ሰው «የሚጣፍጣትን እኮ ነው የምሰጣት» ይላል፤ ነገር ግን የሚጣፍጥና የሚጠቅም ለወፍም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ማሽላ፣ ዳጉሳና ጤፍ የዘወትር እህሏ ይሁኑ። ኑግ የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ሲሆን በአሜሪካና በአውሮፓ በዋነኛነት የሚታወቀው በወፍ ምግብነት ነው፤ ለእናንተ ወፍ ግን በጣት ቆንጥሮ ያህል ይበቃል።

ከእህሉ እኩል ቦታ መያዝ ያለበት አትክልት ነው። ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ሥሩ ቀይ የሆነ ስኳር ድንች እና ቃሪያ በየቀኑ እየተቀያየሩ ይቅረቡላት። በቃሪያው እንዳትደነግጡ፤ ሚጥሚጣውን እንኳ ፍሬውን እየፈለፈለች ያለ ምንም ችግር ትበላዋለች። እኛን የሚያቃጥለን ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በወፎች ላይ አይሠራም፤ የዱር ቃሪያ ዘሩን የሚያሰራጨውም በወፎች አማካይነት ነው። ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን በቆልት ነው። ምስር ወይም ሽምብራ ነክራችሁ፣ ውሃውን አጥልላችሁ፣ ጠዋትና ማታ በንጹሕ ውሃ እያለቀለቃችሁ ጫፉ ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል ስጧት። ፍሬው ሲበቅል ለመፈጨት ይቀላል፤ ጥራጥሬ ብቻ የለመደች ወፍም ከአትክልት ይልቅ እሱን ቶሎ ትቀበለዋለች። የሸተተ ወይም የሻገተ በቆልት ግን ወዲያው ይጣል፤ የሻገተ ለውዝና በቆሎም እንዲሁ፣ ምክንያቱም በሻጋታው ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን ጉበት ይመርዛል። የተቀቀለ የእንቁላል ቅርፊት አድቅቃችሁ ብታስቀምጡላት ካልሲየም ታገኛለች፤ ሴት ወፍ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ልትጥል ስለምትችል ይህን አትርሱት።

በፍጹም መስጠት የሌለባችሁን ደግሞ በጥንቃቄ ስሙኝ። በየጭማቂ ቤቱ የምንወደው አቮካዶ ፐርሲን የሚባል መርዝ ስላለው የወፍን ልብ ያቆማል፤ ቁራሹም አይሰጣት፣ የተበላበት ማንኪያም አጠገቧ አይቀመጥ። ቡናና ቸኮሌት፣ ጠላና ጠጅ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው የበዛበት ነገር ሁሉ ክልክል ነው። ስለዚህ በወጥ የራሰ እንጀራ ማጉረስ አይገባም፤ እንግዳ ቤት ውስጥ ሲኖር ይህን የሚጠብቅ ሰው ይመደብ፤ ምክንያቱም ማጉረስ ፍቅራችንን የምንገልጽበት መንገድ ስለሆነ እንግዳው ለወፏም ሳያስብ ይዘረጋል። ከአፋችሁ አውጥታችሁም አታብሏት፤ በሰው ምራቅ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለእሷ በሽታ ናቸው።

ወፏ ቤታችሁ ስትገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አትፈልጉባት። ውሃና ምግቧን ቀይሩ፣ በዝግታ አናግሯት፣ ራቅ ብላችሁ ተቀምጣችሁ ሥራችሁን ሥሩ። ልጆች ካሉ በዙሪያዋ እንዳይሯሯጡና ጎጆውን እንዳይነቀንቁ አስረዷቸው። ሰው ባለበት መብላትና ላባዋን ማበጠር ስትጀምር መረጋጋቷን ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ትንሽ የዳጉሳ ራስ በጣቶቻችሁ መካከል ይዛችሁ እጃችሁን በጎጆው በር ላይ ሳታንቀሳቅሱ አቆዩት። መጀመሪያ ወደ ሩቁ ጥግ ትሸሻለች፤ ቀጥሎ አንገቷን አስረዝማ በአንድ ዓይኗ ታያችኋለች፤ በስተመጨረሻም እግሯን ቆጡ ላይ እንደተከለች በምንቃሯ አንድ ፍሬ ነጥቃ ትመለሳለች። ያን ቀን እዚያ ላይ አቁሙ። በሌላ ቀን ፍሬውን ትንሽ አርቃችሁ ስትይዙት ለመድረስ አንድ እግሯን ጣታችሁ ላይ ማሳረፍ ይኖርባታል፤ ጥፍሮቿ ቆዳችሁን ሲጨብጡ እጃችሁን አትሰብስቡ። ያን ጊዜ እጅ ከሸሸ ወፏ እጅ የማይታመን ቆጥ እንደሆነ ትማራለች። ብትነክሳችሁ አትጩኹ፣ አትምቷት፣ ጎጆውንም አታናውጡ፤ ቀስ ብላችሁ እጃችሁን አስቀምጡና ጥቂት ቆይታችሁ ሞክሩ።

ክንፏን ስለመቁረጥ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ አልስማማም። ወፍ ከወፍነቷ የሚያጎድላት ነገር ነው፤ ደግሞም የበረራ እንቅስቃሴ ሳንባዋንና ልቧን ጤነኛ ያደርጋል። በየቀኑ ለተወሰነ ጊዜ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትብረር፤ ነገር ግን ከመልቀቃችሁ በፊት መስተዋቱንና መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኑ፣ ድመቱን አውጡ፣ የውሃ በርሜሉንና ባልዲውን ክደኑ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በየቤቱ በርሜል ስለማይጠፋ ክፍት በርሜል ለወፍ ጥልቅ ባሕር መሆኑን አስታውሱ። ድመት ቧጭራት ወይም ነክሳት ከሆነ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በድመት ምራቅ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በፍጥነት ስለሚገድላት በዚያው ቀን ሕክምና ማግኘት አለባት።

ስለ መናገር ቃል ገብቻለሁ። በቀቀን እንደ ሰው የድምፅ አውታር የላትም፤ ድምፅ የምታወጣው የአየር ቧንቧዋ ወደ ሳንባ በሚከፈልበት ቦታ ባለ አካል ነው። የምትናገረውም የመንጋዋን ቋንቋ ለመማር የተፈጠረች ስለሆነች ነው፤ ሰው ቤት ስትኖር መንጋዋ እናንተ ናችሁ። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ አሌክስ የተባለ ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ወፉ በ2007 እስኪሞት ድረስ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ አሌክስ ቀለማትንና ቅርጾችን ለይቶ ይጠራ፣ እስከ ስድስት የሚደርሱ ነገሮችን ቆጥሮ ይመልስ ነበር። ያስተምሩት የነበረው ሁለት ሰዎች በፊቱ ስለ አንድ ዕቃ እየተጠያየቁና እየተመላለሱ ሲነጋገሩ እንዲያይ በማድረግ ነበር። ለእኛም ቤት የሚሆን ዘዴ ነው፤ አንድ ቃል ሺህ ጊዜ ከመደጋገም ይልቅ ጠዋት ጨርቁን ስታነሱላት «እንደምን አደርሽ» በሏት፣ እርስ በርሳችሁም በፊቷ ተባባሉት፣ ምግብ ስታቀርቡ የምግቡን ስም ጥሩ። ይሁን እንጂ ሁሉም በቀቀን አይናገርም፤ ሴት ባጀሪጋርና ኮካቲል ከወንዶቹ ያነሰ ይናገራሉ። ለመናገሯ ብላችሁ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ባትገዙ ይሻላል፤ ዝም ያለች ወፍም ያው ምግብ፣ ያው ጊዜና ያው ጓደኝነት ያስፈልጋታል። ቀኑን ሙሉ ቤት የማይውል ሰው አንዷን ብቻ ከሚያኖር ጥንድ ቢያኖር እመርጣለሁ።

በመጨረሻ ስለ በሽታ ልናገር። በዱር ውስጥ ደካማ መስሎ የታየ ወፍ ለአዳኝ ስለሚጋለጥ በቀቀን በሽታዋን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች፤ ሰው «ትናንት ደህና ነበረች» የሚላት ወፍ ብዙውን ጊዜ ከታመመች ሰንብታለች። ስለዚህ ዓይናችሁን ከማመን በተጨማሪ ሚዛን ያዙ። ግራም በግራም የሚለይ የኩሽና ሚዛን ላይ ትንሽ ቆጥ አስቀምጡና በየጠዋቱ ምግብ ከመብላቷ በፊት መዝኗት፤ ክብደቷን በደብተር ጻፉ። 35 ግራም የምትመዝን ባጀሪጋር 3 ግራም ተኩል ከቀነሰች የሰውነቷን አንድ አሥረኛ አጥታለች ማለት ነው፤ ዓይን ግን ይህን አያየውም። በየጠዋቱ ከቆጡ ሥር የምታነጥፉትን ወረቀትም እዩ። የጤነኛ ወፍ ኩስ ሦስት ነገር አለው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሆነው ደረቁ ክፍል፣ ነጩ ክፍልና ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ናቸው። ነጩ ወደ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከተለወጠ፣ ወይም ኩሱ ለሁለት ቀን ውሃ ብቻ ከሆነ ዝም አትበሉ። ቀን ላይ ላባዋን ነፍታ በጎጆው ወለል ላይ መቀመጥ፣ ስትተነፍስ ጭራዋ ከፍ ዝቅ ማለት፣ ከአፍንጫዋ ፈሳሽ መውጣት ሁሉም ሕክምና የሚሹ ምልክቶች ናቸው። ማታ ላይ ምንቃሯን እየፋጨች በአንድ እግሯ ብትቆም ግን አትስጉ፤ ተመችቷት ልትተኛ ነው።

ግቢያችሁ ዶሮ ካለ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዶሮዎቻችንን የሚፈጀው ፈንግል በቀቀንንም ይይዛል፤ በቀቀን ደግሞ በሽታውን ሳያስታውቅ ተሸክማ ወደ ዶሮዎች ልታደርስ ትችላለች። ዶሮዎቹን የመገበ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብና ጫማውን ሳይቀይር ወደ ወፏ አይግባ። አዲስ ወፍ ስታመጡም ከነባሯ ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ወር በሌላ ክፍል አቆዩአት። ለሰውም የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ሲታኮሲስ የሚባለው ባክቴሪያ አመጣሽ ሕመም ከደረቀ ኩስ በሚነሳ ብናኝ ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። ስለዚህ ጎጆውን ደረቁን ከመጥረግ ውሃ ረጭታችሁ አጽዱት፤ ወፏን ምንቃሯን አትሳሙ። ትኩሳትና ደረቅ ሳል ይዟችሁ ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ ቤታችሁ በቀቀን እንዳለ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ሐኪሙ ካላወቀ ተራ የሳንባ ምች መስሎት ሌላ መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል።

የእኛ አካባቢ የእንስሳት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት ከብት፣ በግና ዶሮ ቢሆንም የወፍን በሽታ ከዶሮ ሕክምና ዕውቀታቸው ተነስተው ሊረዷችሁ ይችላሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። የት እንደምትወስዷት ወፏ ሳትታመም በፊት ጠይቃችሁ እወቁ፤ ስልካቸውንም ያዙ። ስትወስዷት ሣጥኗን በጨርቅ ሸፍኑ፣ ሙቅ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልላችሁ በአንድ ጎኗ አስቀምጡ፤ የታመመች ወፍ ጉልበቷን ሰውነቷን በማሞቅ እንዳትጨርስ ሙቀት ያስፈልጋታል። የክብደቷን ደብተርና የዕለቱን ኩስ ያለበትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ወፏን ከመንካቱ በፊት ብዙ ነገር ከእነዚህ ይረዳል።

የያዝኩት ይህን ያህል ነው፤ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ወፍ ያላችሁ ግን ከጥያቄው በፊት ዝርያዋን፣ ዕድሜዋን፣ የምትመገበውንና ጎጆዋ በየትኛው ክፍል እንዳለ ንገሩኝ።